የኮሎምበስ ከተማ ሕዝብና የኳስ ማኅበሩ

ጨዋታ ትንሽ ነገር ነው ተብሎ በትልልቅ ሰዎች ዘንድ ሲናቅ ብዙ ጊዜ ይታያል። ልጆች ኳስ ሲራገጡ ያየ ሽማግሌ ጊዜያቸውን በከንቱ አጠፉ ብሎ ያልፋል፤ ሹምም እንደ ሆነ ስለ መንገድ፥ ስለ ውሃና ስለ ቀረጥ እንጂ ስለ ኳስ መምከር ከማዕርጉ በታች ይመስለዋል። ነገር ግን በሰሜን አሜሪካ፥ የኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ በሆነው በኮሎምበስ፥ በአንድ የእግር ኳስ ማኅበር ምክንያት ከንቲባው፥ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ፥ ነጋዴው፥ ሐኪሙና የቀን ሠራተኛው በአንድነት የተነሡበት ጊዜ ነበረ። ነገሩ የጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደረሰም ነበር። የተነሣው ጥያቄ፥ ሕዝብ ሃያ ዓመት ያህል ገንዘቡንና ፍቅሩን ያፈሰሰበት ነገር በሕግ የአንድ ባለጸጋ ንብረት ስለ ሆነ ብቻ፥ ባለጸጋው እንደ ፈቀደ ነቅሎ ወደ ሌላ አገር ሊወስደው ይገባዋልን? የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ ሕዝብን ለሚያስተዳድር ሰው ሁሉ የሚገባ ስለ ሆነ ታሪኩ ከሥሩ ጀምሮ ሊነገር ይገባዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ኮሎምበስ ለእግር ኳስ የተፈጠረ ከተማ አልነበረም። የኦሃዮ ግዛት ዩኒቨርሲቲ በዚያ ስላለ፥ የከተማው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀውና የሚመካበት አሜሪካኖች ፉትቦል ብለው የሚጠሩት ጨዋታ ነው፤ ይኸውም ኳሱ እንደ እንቍላል የሞለለ፥ አብዛኛውንም ጊዜ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት፥ ተጫዋቾቹ የራስ ቍርና የትከሻ መከታ ለብሰው እንደ ጦር ሜዳ የሚጋጩበት ጨዋታ ነው። ዩኒቨርሲቲው ለዚህ ጨዋታ ያሠራው ስታዲዮም ከ100,000 ሰው በላይ ይይዛል። ሌላው ዓለም እግር ኳስ የሚለውን ግን አሜሪካኖች ሶከር የሚል ሌላ ስም አውጥተውለት፥ የልጆችና የስደተኞች ጨዋታ አድርገው ሲቈጥሩት ብዙ ዘመን ኖሩ። በ1968 ተጀምሮ የነበረውም የባለሙያዎች ሊግ ፔሌን የመሰሉ ዝነኛ ተጫዋቾችን በብዙ ገንዘብ እያስመጣ ለጥቂት ዘመን ደምቆ ከታየ በኋላ፥ በ1984 የመጨረሻውን ውድድር አድርጎ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ለእግር ኳስ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው እንደ ሞኝ ይቈጠር ነበር።

አሜሪካ በ1994 የዓለምን ዋንጫ ውድድር በአገርዋ እንድታደርግ ሲፈቀድላት፥ አንደኛ ደረጃ የሆነ የባለሙያዎች ሊግ ለማቋቋም ለዓለሙ የእግር ኳስ ማኅበር ለፊፋ ቃል ገባች። አዲሱን ሊግ የሚያቋቁሙት ሰዎች ያለፈው ሊግ የደረሰበትን ጥፋት ያውቁ ስለ ነበር፥ የየከተማውን ሕዝብ ፍላጎት አስቀድመው ለመመርመር ፈለጉ፤ ስለዚህ ቡድን የሚሻ ከተማ ሁሉ ለዓመቱ ጨዋታ ሁሉ የሚሆን ቲኬት ለመግዛት ቃል የሚገቡ 10,000 ሰዎች እንዲያቀርብ ጠየቁ። ኮሎምበስ ይህን ቍጥር አልፎ ተገኘ። ኒው ዮርክና ሎስ አንጀለስን የመሰሉ ታላላቅ ከተሞች ሳይቀድሙት፥ የአዲሱ ሊግ የመጀመሪያ ማኅበር የዚህ መካከለኛ ከተማ ማኅበር ሆነ። ስሙም ክሩ ተባለ፤ ትርጓሜው በአንድ ሥራ ላይ የተሰማሩ የሠራተኞች ጓድ ማለት ነው። በቀድሞው ዓርማውም ላይ የሥራ ቆብ የደፉ ሦስት ሰዎች ተሥለውበት ነበር። ይህ ማኅበር የሠራተኛን ስም መምረጡ ለከተማው ሰው ጠባይ የተስማማ ነበር።

በኤፕሪል 1996 ክሩ የመጀመሪያውን ጨዋታ በዚያው በዩኒቨርሲቲው ስታዲዮም አደረገ፤ 25,000 የሚያህል ሰው መጥቶ ከዋሽንግተን የመጣውን ቡድን 4 ለ 0 ሲያሸንፍ አየ። ነገር ግን በሌላ ጊዜ 15,000 ሰው በመጣ ጊዜ፥ ከ100,000 በላይ በሚይዝ ቦታ ውስጥ በወንበሮቹ መካከል እንደ ተበተነ እህል ሆኖ ይታይ ነበር። ይህ መከራ በሊጉ ያሉትን ቡድኖች ብዙዎቹን የሚያገኛቸው ነበር፤ በሰው ቤት በኪራይ የሚኖር እንግዳ ሁልጊዜ እንደ ተሸማቀቀ ነው። ስለዚህ የራስን ስታዲዮም የመሥራት አሳብ ተነሣ። በ1997 ለአንድ ትልቅ የስፖርት አዳራሽና ለእግር ኳስ ስታዲዮም መሥሪያ የሚሆን የሽያጭ ቀረጥ ይጨመር እንደ ሆነ የአካባቢው ሕዝብ ድምፅ እንዲሰጥ ቢጠየቅ፥ አይጨመር አለ። በዚህ ጊዜ የማኅበሩ ባለቤት ላማር ሐንት የተባለው የቴክሳስ ባለጸጋ 28.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከኪሱ አውጥቶ፥ ግዛቱ በየዓመቱ የእርሻና የከብት ኤግዚቢሽን በሚያሳይበት የመንግሥት መሬት ላይ ስታዲዮም አሠራ። በሜይ 1999 ሲመረቅ 24,741 ሰው ተገኘ።

ያ ስታዲዮም ለዓይን የሚያምር ሕንጻ አልነበረም፤ የብረት መቀመጫና የብረት ምሰሶ ብቻ ነበር። ነገር ግን በአሜሪካ ለትልቁ ሊግ እግር ኳስ ተብሎ በተለይ የተሠራ የመጀመሪያው ነው። ከእርሱ በኋላ ሌሎች ከተሞችም እርሱን እያዩ የየራሳቸውን ስታዲዮም መሥራት ጀመሩ፤ ዛሬ በዚያ አገር ያለው የእግር ኳስ ሊግ ጸንቶ መቆሙን የሚያደንቅ ሰው ምስጋናውን ከዚህ ሊጀምር ይገባዋል። የአገሩም የእግር ኳስ አለቆች የሜክሲኮን ቡድን የሚገጥሙበትን ቦታ ሲመርጡ፥ በሌላው ከተማ ሁሉ የሜክሲኮ ደጋፊ ስለሚበዛባቸው ወደዚህ መጡ። በፌብሩዋሪ 2001 ውርጭ በሚያቃጥልበት ሌሊት አሜሪካ 2 ለ 0 አሸነፈች። በ2005፥ በ2009ና በ2013 ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ በዚያው ሜዳ በተገናኙ ጊዜ ውጤቱ ያው 2 ለ 0 ሆነ። አንድ ውጤት አራት ጊዜ ሲደገም ሕዝብ ከቍጥርነት አውጥቶ ተረት ያደርገዋል፤ የኮሎምበስ ሰውም እንዲሁ አደረገው።

የሆነው ሆኖ የማኅበሩ ኑሮ ሁልጊዜ ፋሲካ አልነበረም። በ2008 ክሩ የሊጉን ዋንጫ አገኘ፤ በስታዲዮሙ ሰሜናዊ ማዕዘን ተሰብስበው ቆመው የሚዘምሩት ደጋፊዎችም በዚያ ዘመን በአንድ ስም ተጠርተው አንድ ወገን ሆኑ። ነገር ግን ሐንት በ2006 ሞቶ ነበርና ልጆቹ በ2013 ማኅበሩን አንተኒ ፕሪኮርት ለተባለ ለካሊፎርንያ ሰው ሸጡት። በሜዳውም የሚገኘው ሰው ቍጥር በ2017 በአማካይ ከ15,000 እምብዛም የሚያልፍ አልነበረም። ሌሎች ከተሞች አዲስ ስታዲዮም እየሠሩ 20,000ና 30,000፥ አትላንታማ ከ40,000 የሚበልጥ ሰው በሚያስገቡበት ዘመን፥ ይህ ቍጥር ለነጋዴ ዓይን ትንሽ ነበር። የከተማው ታላላቅ የንግድ ቤቶችም ቢሆኑ ስማቸውን በቡድኑ መለያ ላይ ለማስጻፍ ገንዘብ ለማውጣት አልተጣደፉም። በኋላ ሕዝቡ የሠራው ሥራ ቢመሰገንም፥ ይህ ቸልታ ግን ሊሸፈን አይገባም። ወዳጅ ወዳጁን ቤቱ ድረስ እየሄደ ካልጠየቀው ፍቅሩን ማን ያውቅለታል?

በኦክቶበር 2017 ባለቤቱ፥ በከተማው መካከል አዲስ ስታዲዮም ካልተሠራለት ማኅበሩን ወደ ቴክሳስ፥ ወደ ኦስቲን ከተማ ሊያዛውረው እንደሚችል አስታወቀ። በዚያ ላይ ሕዝቡን እጅግ ያስቈጣ አንድ ነገር ተገለጠ፤ ይኸውም ማኅበሩን በ2013 ሲገዛ ለዐሥር ዓመት በኮሎምበስ ሊያኖረው ውል ገብቶ ሳለ፥ ከዚህ ውል ኦስቲን ብቻ ተለይታ ወጥታ ነበር። እንግዲህ አራት ዓመት ሙሉ ሕዝቡ ቲኬት እየገዛ፥ ልጆቹን ቢጫ ልብስ እያለበሰ ወደ ሜዳ ሲወስድ፥ የመውጫው በር ከመጀመሪያው ተከፍቶ ኖሯል ማለት ነው። ሰው ንብረቱን ወደ ወደደበት ቢወስድ በሕግ አይነቀፍም፤ ትርፍ የለኝም ማለቱም ሐሰት አልነበረም። የሚነቀፈው፥ ሕዝቡን አልመጣችሁልኝም ብሎ ሲከስ እርሱ ለመሄድ የተዘጋጀበትን ውል ሳይነግራቸው መቈየቱ ነው።

መጻሕፍትን የሚያውቅ ሰው በዚህ ጊዜ የናቡቴን የወይን ቦታ ማሰቡ አይቀርም። ነገር ግን ነገሩ ከዚያ ይልቅ የተቈላለፈ ነው። ናቡቴ ርስቱ በእጁ ነበር፤ አክዓብ ሊገዛው ቢፈልግ አልሸጥም ለማለት ሥልጣን ነበረው። የኮሎምበስ ሰው ግን በእጁ የያዘው ውል የለውም፤ በወረቀት የተጻፈው ሁሉ የባለጸጋው ነው። ለሕዝቡ የቀረለት፥ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ያሳየው ጨዋታ፥ በብርድ ቆሞ የዘመረው መዝሙርና በከተማው ስም የተጠራው ስም ብቻ ነው። ይህን በሚዛን አስቀምጦ ይህን ያህል ዶላር ያወጣል የሚል ዳኛ የለም።

ሕዝቡ ያደረገው ነገር ሊመረመር የሚገባው ስለዚህ ነው። ባለቤቱ ይህን ባስታወቀ በጥቂት ቀን ውስጥ በማዘጋጃ ቤቱ ፊት በብዙ ሆነው ተሰበሰቡ፤ ስድብና ድንጋይ ውርወራ ግን አልነበረም። ክሩን አድኑ የሚል ማኅበር አቋቋሙ። የሕግ ዐዋቂው በሕጉ፥ ሥዕል የሚያውቀው በሥዕሉ፥ ሒሳብ የሚያውቀው በሒሳቡ እየተካፈለ፥ ሁሉም ከሥራ በኋላ ባለው ሰዓቱ ይሠራ ነበር። የከተማው አነስተኛ የንግድ ቤቶች በየመስኮታቸው የማኅበሩን ምልክት ሰቀሉ። አዲስ ባለቤት የተገኘ እንደ ሆነ የዓመት ቲኬት እንገዛለን የሚሉ ሰዎች በሺህ የሚቈጠር ቃል ኪዳን አስጻፉ፤ ይህም ከሁሉ የበለጠ ብልህ ሥራ ነበረ፤ ምክንያቱም ልቅሶን በገንዘብ ቋንቋ ተርጕሞ ለሚሰማው ሰው አቀረበለት። ደግሞም በሌሎች ከተሞች ያሉት ደጋፊዎች፥ በሜዳ ጠላት የሚባሉት ሳይቀሩ፥ የኮሎምበስን ቢጫ ባንዲራ እያውለበለቡ ተባበሯቸው። ዛሬ በእርሱ ነገ በእኔ የሚለውን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም።

ይህ ሁሉ ሳለ፥ አቤቱታ ብቻውን ባለጸጋውን ባላቆመው ነበር። ያቆመው የኦሃዮ ሰዎች ሃያ ዓመት ቀደም ብለው በሌላ ሐዘን ጊዜ የጻፉት ሕግ ነው። በ1995 አርት ሞዴል የተባለ ባለጸጋ፥ ክሊቭላንድ በተባለው የዚያው ግዛት ከተማ ለብዙ ዘመን የኖረውን ብራውንስ የሚባለውን የፉትቦል ቡድን ወደ ባልቲሞር እወስዳለሁ ብሎ ነበርና በተከታዩ ዓመት ወሰደው። የክሊቭላንድ ሰው ቤተ ዘመዱ እንደ ሞተበት ሰው አዘነ። የኦሃዮ ምክር ቤቶችም በ1996 አንድ ሕግ አወጡ፤ ሕዝቡም በዚያ ባለጸጋ ስም የሞዴል ሕግ እያለ ይጠራዋል፤ ስሙ በሕግ መጽሐፍ እንዲህ ሆኖ መኖሩ ለሰውዬው ክብር አይደለም።

ሕጉ አጭር ነው። በቀረጥ ገንዘብ በተደገፈ ስታዲዮም የሚጫወትና ከግዛቱ ወይም ከከተማው የገንዘብ ርዳታ የተቀበለ ቡድን ባለቤት ስፍራውን ለመልቀቅ የፈለገ እንደ ሆነ፥ ወይ ከከተማው ጋር ይስማማ፤ ወይም ከስድስት ወር በፊት ያስታውቅ፥ በዚያም ስድስት ወር ውስጥ ከተማው ወይም የአካባቢው ሰዎች ቡድኑን ለመግዛት ዕድል ያግኙ ይላል። በማርች 2018 የኦሃዮ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ማይክ ደዋይንና የኮሎምበስ ከተማ በዚህ ሕግ መሠረት በባለቤቱና በሊጉ ላይ ክስ አቀረቡ። ስታዲዮሙ በመንግሥት መሬት ላይ ያለና ከቀረጥ ነጻ የሆነ ነው፤ ስለዚህ ሕጉ ይመለከታችኋል አሏቸው። ባለቤቱም በበኩሉ፥ ይህ ሕግ በአሜሪካ ሕገ መንግሥት በግዛቶች መካከል ያለውን የንግድ ነጻነት ይነካል ብሎ ተከራከረ። ይህ ክርክር ቀላል አልነበረም፤ ዳኛው እስከ መጨረሻው ቢፈርዱ ኖሮ ማን እንደሚረታ አስቀድሞ ለመናገር የሚደፍር ጠበቃ አይገኝም ነበር። ነገሩ ግን ከፍርድ ሳይደርስ ቀረ።

እዚህ ላይ ሕግ ለሚጽፉ ሰዎች ቆም ብሎ የሚታይ ነገር አለ። ሕጉ ባለቤቱን አትሂድ አላለውም፤ ንብረቱንም አልወረሰበትም። ቈይ ብቻ አለው። ባለጸጋ ሲነሣ በአንድ ሌሊት ሊነሣ ይችላል፤ ሕዝብ ግን ተሰብስቦ፥ ተማክሮ፥ ገንዘብ አዋጥቶ ገዢ ለመፈለግ ወራት ያስፈልጉታል። የሞዴል ሕግ የሠራው ሥራ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን የፍጥነት ልዩነት ማስተካከል ነው፤ ክሱ በፍርድ ቤት ሳለ ያለፈው ጊዜ ገዢ ለመፈለግ በቃ። በኦክቶበር 2018 የብራውንስ ባለቤቶች የሆኑት የሐስላም ቤተ ሰብና ከብዙ ዘመን ጀምሮ የክሩ ሐኪም የነበሩት የኮሎምበሱ ተወላጅ ዶክተር ፒት ኤድዋርድስ በአንድነት ማኅበሩን ለመግዛት እንደ ተነሡ ተሰማ። በጃንዋሪ 2019 ተረከቡት። ክሊቭላንድ ካጣችው ቡድን የተነሣ የወጣው ሕግ ለኮሎምበስ ጊዜ ሰጣት፤ በዚያም ጊዜ ውስጥ የመጡት ገዢዎች በክሊቭላንድ ዳግመኛ የተቋቋመው የዚያው ቡድን ባለቤቶች ሆኑ። እንዲህ ያለውን መገጣጠም ልብ ወለድ ጻፈው ቢባል አንባቢ ከልክ አለፈ ይል ነበር።

ኦስቲንም ባዶዋን አልቀረችም። ሊጉ ለፕሪኮርት በዚያ ከተማ አዲስ ቡድን እንዲያቋቁም ፈቀደለትና ኦስቲን በ2021 መጫወት ጀመረች። አስቀድሞውኑ እንዲህ ማድረግ ይቻል ከነበረ፥ የኮሎምበስ ሕዝብ አሥራ አምስት ወር ሙሉ ስለ ምን ተጨነቀ? ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱ በሊጉ አሠራር ውስጥ ነው። በአውሮፓ አንድ ከተማ የራሱን ማኅበር ከታችኛው ደረጃ ጀምሮ እያሸነፈ ወደ ላይ ሊያወጣው ይችላል፤ በአሜሪካ ግን መውጣትና መውረድ የለም። ወደ ሊጉ የሚገባው የመግቢያ ገንዘብ የከፈለ ብቻ ነው። በ1996 በ10 ቡድኖች የተጀመረው ሊግ በ2025 ወደ 30 ደርሷል፤ የመጨረሻው የሳን ዲዬጎ ቡድን ለመግባት የከፈለው 500 ሚሊዮን ዶላር ነው። ቦታው በቍጥር የተወሰነ በመሆኑ ከተሞች ይሽቀዳደማሉ፤ ቡድን የያዘ ባለጸጋም ይህን ሽቅድድም እያሳየ የራሱን ከተማ ማስፈራራት ይችላል።

ከዚያ ወዲህ የእግር ኳስ ፍቅር በኮሎምበስ እንዴት እንዳደገ ማንም ያየዋል። በጁላይ 2021 ከከተማው መካከል ከወንዙ አጠገብ 20,000 ያህል ሰው የሚይዝ አዲስ ስታዲዮም ተከፈተ፤ ከዚያም ጀምሮ ብዙውን ጊዜ ሞልቶ ይታያል። ዱሮ ከከተማው ዳር ወደ ነበረው ሜዳ በመኪና ብቻ ይሄድ የነበረው ሰው፥ አሁን ከሥራው ወጥቶ በእግሩ እየዘመረ ይገባል። የቀድሞው ባለቤት ሰው አልመጣልኝም ያለባት ያችው ከተማ ናት፤ በእርግጥም ሰው የሚያጣውን ነገር ዋጋ ሊያጣው ሲል ነው የሚያውቀው፤ ሆኖም ሜዳውን ለሕዝቡ ማቅረብ ምን ያህል እንደሚረዳ ከዚህ ይታያል።

ነገር ግን ስለ ገንዘቡ ዝም ማለት አይገባም። ስታዲዮሙ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈጀ ሲሆን፥ የኮሎምበስ ማዘጋጃ ቤትና ከተማው ያለበት አውራጃ በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠር የሕዝብ ገንዘብ አወጡበት፤ መጀመሪያ የተነገረው የከተማው ድርሻ 50 ሚሊዮን፥ የአውራጃው 45 ሚሊዮን ነበረ። በ1997 ሕዝቡ በድምፁ አልከፍልም ያለውን ዓይነት ወጪ በዚህ ጊዜ ሹማምንቱ ድምፅ ሳይጠይቁ ከፈሉት። ሐንት ያን የመጀመሪያውን ስታዲዮም በኪሱ ሠርቶ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው፥ ባለጸጎች ከድኾች ቀረጥ ላይ የሚሠሩላቸው ሜዳ ከየት ተገኘ? ቢል አይፈረድበትም። ፍቅር የያዘው ሕዝብ ሒሳብ አይጠይቅም፤ ስለ እርሱ ሒሳብ መጠየቅ የተሾመው ሰው ግን በፍቅሩ ተስቦ ሊረሳ አይገባውም ነበር።

ደግሞም አንድ የሚያሳዝን ነገር ሆነ። ከባለቤቱ ጋር የተደረገው ትግል ካለቀ ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በዲሴምበር 2020 ክሩ የሲያትልን ቡድን በቀድሞው ስታዲዮም 3 ለ 0 አሸንፎ የሊጉን ዋንጫ አገኘ፤ የጋናው ተወላጅ ዮናታን መንሳህ የቡድኑ አለቃ ሆኖ ዋንጫውን አነሣ። ነገር ግን በዓለም ላይ ወረርሽኝ ስለ ነበር እንዲገባ የተፈቀደለት ሰው 1,500 ብቻ ነበር። ማኅበሩን ከስደት ያስቀሩት ሺዎች በየቤታቸው ተዘግተው አዩት።

አዲሶቹም ባለቤቶች ቢሆኑ ለማን እንደ ተረከቡት በቶሎ ማወቅ ነበረባቸው። በሜይ 2021 ዓርማውን ለውጠው የማኅበሩን ስም ኮሎምበስ ኤስ ሲ አድርገው ክሩ የሚለውን ወደ ቅጽል ስም ሲያወርዱት፥ ያው ሕዝብ እንደገና ተነሣ። በዚህ ጊዜ ግን ስድስት ወር አላስፈለገም፤ በአንድ ሳምንት ያህል ውስጥ ባለቤቶቹ ከደጋፊዎቹ ጋር ተቀምጠው ስሙን መለሱ። ከዚያ በኋላ በ2023 በአዲሱ ስታዲዮም የሎስ አንጀለሱን ቡድን 2 ለ 1 አሸንፈው ሦስተኛውን ዋንጫ ሲያገኙ፥ ከጐሎቹ አንዱን ያገባው ደግሞ ሌላ የጋና ልጅ፥ ያው ዬቦኣ ነበር። ኮሎምበስ ከሶማልያ፥ ከኢትዮጵያና ከሌሎችም የአፍሪካ አገሮች የመጡ ብዙ ቤተ ሰቦች የሚኖሩባት ከተማ ናትና፥ በዚያ ያደጉ ልጆች እነዚህን ተጫዋቾች ሲያዩ ጨዋታውን የባዕድ ጨዋታ አይሉትም።

በኤፕሪል 2025 ክሩ አንዱን ጨዋታ ወደ ክሊቭላንድ፥ ወደ ብራውንስ ስታዲዮም ወስዶ ሜሲ ያለበትን የማያሚን ቡድን በገጠመ ጊዜ 60,614 ሰው ተገኘ። በ1996 በዩኒቨርሲቲው ሜዳ በባዶ ወንበሮች መካከል ተበትኖ ለታየ ቡድን ይህ ቍጥር ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት፥ በዚያው ስታዲዮም ምክንያት ሌላ ክርክር ተነሥቶ ነበር። የሐስላም ቤተ ሰብ ብራውንስን ከክሊቭላንድ መካከል አንሥቶ ብሩክ ፓርክ በምትባለው አጠገብ ባለች ከተማ አዲስ ስታዲዮም ሊሠራለት አሰበ። ክሊቭላንድም በጃንዋሪ 2025 በሞዴል ሕግ ከሰሰችው። ኮሎምበስን ያዳነው ቤተ ሰብ፥ ኮሎምበስን ባዳነው ሕግ ተከሶ፥ ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም ብሎ ተከራከረ፤ ይህም ከሰባት ዓመት በፊት ፕሪኮርት ያቀረበው መከራከሪያ ነው።

ይህም ጕዳይ በዳኛ አልተቈረጠም። በጁን 2025 የኦሃዮ ምክር ቤቶች በግዛቱ የበጀት ሕግ ውስጥ ለብሩክ ፓርኩ ስታዲዮም 600 ሚሊዮን ዶላር ሲመድቡ፥ የሞዴልን ሕግም ለውጠው ከግዛቱ ወደ ውጭ የሚወጣን ቡድን ብቻ እንዲመለከት አደረጉት። የፈረሙበት አገረ ገዥ ማይክ ደዋይን ናቸው፤ በ2018 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሳሉ ሕጉን ይዘው ለኮሎምበስ ፍርድ ቤት የቆሙት ራሳቸው ናቸው። በኦክቶበር 2025 የሐስላም ቤተ ሰብ ለክሊቭላንድ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ሊከፍል ተስማምቶ ክሱ ተተወ።

እንግዲህ ኮሎምበስ ቡድንዋን ያቆየችበት ሕግ ከዚያ ወዲህ በግማሹ ቀርቷል። ከእንግዲህ አንድ ባለቤት ክሩን ወደ ቴክሳስ ልውሰድ ቢል ስድስት ወር መቈየት አለበት፤ ከከተማው ወሰን አልፎ ወደ ሌላ የኦሃዮ ከተማ ልውሰድ ቢል ግን ማዘጋጃ ቤቱ በዚህ ሕግ ሊጠይቀው አይችልም። ለስታዲዮሙ ገንዘብ ካወጡት መካከል አንዱ ያው ማዘጋጃ ቤት ነው።